የጠጋኙ ቦርሳ

ቤቱ የቡና ማሽን ያስገባ አንድ ሰው ነበረ። አትቸኩዪ ረድኤት፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «እትዬ፣ ከዚህ በረንዳ ሆነው የማያዩት የለም፤ ይቺ ሠራተኛዬ በፌስታል ምን ይዛ እንደምትወጣ አይተዋል? ዛሬውኑ ላባርራት ነው» ብለሽኛል። ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ስሚኝ።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሥራ አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አዋጥተው ይህችን ማሽን ሸለሙት። እንደ ቡና ቤቶቹ ያለች ትልቅ አይደለችም፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የቤት ማሽን ናት። እጀታዋ ሥር ሁለት አፍ አላት፣ ባንዴ ሁለት ሲኒ ታወርዳለች። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች። ስለዚህ ሁለተኛው ሲኒ የጓደኛው ነበር።

ጓደኛው ጠጋኝ ነው፣ አብሮ አደጉ። ካውያ ይሁን ሬዲዮ ይሁን፣ የተበላሸ ነገር በእጁ ይድናል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲል የዕቃ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ቡናቸውን ይጠጣሉ፣ በማይረባ ነገር ይጨቃጨቃሉ፣ ይስቃሉ። ሳቃቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

ማሽኗ ዓመት ሳይሞላት ታመመች። መጀመሪያ እጀታዋ በሚገባበት ዙሪያ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረች። ጠጋኙ ፈታትቶ ሲያይ ውሃውን የሚይዘው የጎማ ቀለበት እንደ ድንጋይ ደርቋል። አዲስ አስገባላት፣ ዳነች። ሁለት ወር ቆይቶ ውሃው አልሞቅ አለ። ማሞቂያው ተቃጥሎ ነበር፤ እሱንም ለወጠ፣ ዳነች። ያን ጊዜ ጠጋኙ የተቃጠለውን ማሞቂያ አገላብጦ አየና አንድ ነገር ገባው።

«ወዳጄ፣ እስቲ ለአንድ ሳምንት እንኳ የቧንቧ ውሃ አድርግባት» አለው፣ ቀስ ብሎ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ማሽኗን የሚሞላት ከግቢው ጉድጓድ እየቀዳ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት አባቱ ናቸው። ቧንቧ በሌለበት ዘመን ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ጠጥቷል። ሰውየው ያንን ውሃ ሲያሞግስ፣ ሰው የወለደውን ልጅ እንኳ እንዲያ አያሞግስም።

«የአባቴን ውሃ ነው የምትሰድበው?» አለ። «እናትህ እንስራ ይዛ የምትሰለፈው የማን በር ላይ ነበር?»

ጠጋኙ ሰው አክባሪ ነው፤ ጥፋት ካልሽው ጥፋቱ እሱ ብቻ ነው። የተቃጠለውን ማሞቂያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሄደ።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት ነበረች። ዓይኗ ስለታም ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከዓይኗ የባሰ። በማግስቱ ሰውየውን በአጥሩ ላይ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጓደኛዎ ሲገባ ቦርሳው ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ነው፣ ሲወጣ ተነፍቶ። እርስዎ ቤት ቦርሳም ይበላል እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያየሁትን ነው። ደህናውን አውጥቶ ያረጀውን የሚተክል ጠጋኝ አለ ሲሉ እሰማለሁ። ብቻ እግዜር ይወቀው።»

ይህን ብላ ወደምትከትፈው ሽንኩርት ተመለሰች። ነገሩ ግን ሰውየው ሆድ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጠጋኙ ሲስቅ ሰውየው ቦርሳውን ነበር የሚያየው።

ብዙም ሳይቆይ ፓምፑ እንደ ታሰረ ፍየል ይጮህ ጀመር፤ ቡናው ጠብ፣ ጠብ እያለ ሲኒ መሙላት አቃተው። ጠጋኙ አዲስ ፓምፕ ገዝቶ መጥቶ ተከለ፤ አሮጌውን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ተነሣ። ሰውየው እስከ አጥሩ በር ሸኘው። ከለቅሶ የሚመለሱ ሴቶች በመንገዱ ያልፉ ነበር። እዚያው፣ በእነሱ ፊት፣ ቦርሳውን ከትከሻው ነጥቆ መሬት ላይ ገለበጠው። ጉጠቱ ወጣ፣ መፍቻው ወጣ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው ፓምፕ ወጣ።

«ይኸው! አብሮ አደጌ ሌባ!»

«የሞተ ዕቃ እኮ ነው» አለ ጠጋኙ። «ምን እንደገደለው ላሳይህ ብዬ ነው።»

ጎረቤቲቱ ቀድማ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሉ። ጠጋኙ ተንበርክኮ ዕቃውን አንድ በአንድ ለቀመ።

«ፓምፑንም ውሰደው፣ ያብላህ!» አለው ሰውየው።

ወሰደው።

ሦስት ወር አልሞላም፣ አዲሱም ፓምፕ ጮኸ። ሰውየው ከገበያ ሌላ ጠጋኝ አስመጣ። ይሄኛው አያውቀውም፣ አይፈራውም። ማሽኗን ከፍቶ ውስጧን በመፍቻ ሲፍቅ ነጭ ቅርፊት እየተሰበረ ወረደ።

«ጋሼ፣ ውሃዎ ኖራ አለው። እንኳን ፓምፕ ሚስማር ቢያጠጡት አይተርፍም። ይህን ሁሉ ዕቃ ከሚለውጡ ውሃውን አይለውጡም ነበር?»

ሰውየው ኮቱን ለብሶ በቀጥታ ወደ ጓደኛው ቤት ሄደ። የጠጋኙ ሚስት በሩን ከፈተች፣ ግባ ግን አላለችውም።

«እሱ የለም» አለችው። «ሱቁን ዘግቶ ወንድሙ አገር ሄዷል። ሌባ የተባለን ጠጋኝ ማን ቤቱ ያስገባል?»

ገብታ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ውስጡ ያ ፓምፕ ነበር፣ በመጋዝ ለሁለት ተከፍሎ። ጉሮሮው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

«ሁለት ቀን ፈጀበት» አለችው። «በአፉ ቢነግርህ ስለምትቆጣ፣ በዓይንህ ታየው ዘንድ። ቆርጦ ጨርሶ፣ ለባብሶ፣ ይህን ይዞ በርህ ድረስ ሄደ። ከዚያ አፍሮ ተመለሰ።»

ሰውየው ሽማግሌ ላከበት። ጠጋኙ «ይቅር ብያለሁ» ብሎ መለሰ። ራሱ ግን አልመጣም።

ማሽኗ አሁን ደህና ናት፤ የቧንቧ ውሃ ነው የምትጠጣው። ግን አፏ ሁለት ነው፣ አንዱን ዝጊ ብትያት አትዘጋም። አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሲኒ ታወርዳለች። ሰውየው አንዱን ይጠጣል፤ ሌላው ሲበርድ ጉድጓዱ ዳር ወስዶ ይደፋዋል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቁ ትዪኝ ይሆናል። ያቺ የአጥር ማዶ ሴት እኔ ነኝ። ቦርሳው ማበጡን በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት እውነት ነው። ያልኩት ግን ሐሰት ነበር።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ። በአንድ ዓመት ሦስተኛ ሠራተኛሽ ናት። የመጀመሪያዋ ሰነፍ ነች አልሽ፣ ሁለተኛዋ አፈኛ፣ ይቺ ደግሞ ሌባ። ሲገቡ ሁሉም ደህና ነበሩ። ያቺ ማሽን ቤትሽ ናት፤ እየለወጥሽ የምታስገቢያቸው ልጆች ዕቃዎቿ ናቸው። ውሃው ከአፍሽ የሚወጣው ነው። ጠዋት ጠዋት የምታወርጂባትን ስድብ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ። አትቆጪ፤ እናትሽም እንዲሁ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንቺም እንደ ሰውየው ጉድጓድ ወርሰሽው ነው።

ስለ ፌስታሉ ጠይቀሽኛል። አዎ፣ ጥቁር ፌስታል ይዛ ስትወጣ አይቻለሁ። ውስጡን አላየሁም። ድሮ ቢሆን ሳላይ እነግርሽ ነበር። ቤትሽ ግቢ፣ በሩን ዝጊ፣ ራሷን ጠይቂያት፣ ቀስ ብለሽ። መንገድ ላይ እንዳትገለብጪው። ፓምፕ ቢሞት ገበያ ላይ መለዋወጫ አለው። የሰው ስም ግን የለውም፤ እኔ ለዚያ ጠጋኝ ስፈልግለት ይኸው ስድስት ዓመቴ።