ፀሐይ የተሳለበት ታፔላ

ጆሮ አላችሁ? አለን በሉ። ሥራስ አላችሁ? የለንም በሉ። እንግዲያው ስሙኝ።

እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ የዓመት በርበሬያቸውን አስጥተዋል። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም አላሉም፣ አስፋልት አላሉም። በርበሬው ላይ ፀሐይ እንድታርፍበት ብቻ።

ፀሐይዋ ግን አላረፈችበትም። እትዬ ይርገዱ ቀና ብለው፣ "ምነው ልጄ፣ በርበሬዬን አድርቂልኝ እንጂ፤ ሊሻግት ነው" አሏት።

"አላደርቅም እትዬ" አለች ፀሐይ። "ታፔላው ፊቴ ቆሞ በየት በኩል ልለፍ?"

እውነቷን ነው። ማዶ ባዶ ቦታው ላይ ወረዳው ቤት የሚያህል ታፔላ አቁሟል። ታፔላው ላይ ወደፊት የሚሠራው ሕንጻ ተስሏል፤ ከሕንጻው ሥር ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ሰፈሩ ውስጥ ማንም አይቷቸው የማያውቅ የሚስቁ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ አንዲት ትልቅ ቢጫ ፀሐይ።

"ታፔላ፣ ፀሐይዋን ልቀቃት" አሉ እትዬ ይርገዱ። "ፀሐይዋ በርበሬውን አላደርቅም አለች፣ በርበሬው ሊሻግት ነው።"

"አልለቅም። እኔ ልማት ነኝ" አለ ታፔላው። "ፀሐይ ከፈለግሽ እኔ ላይ አለችልሽ።"

እትዬ ይርገዱ አንድ በርበሬ አምጥተው የተሳለችው ፀሐይ ላይ ለጠፉ። አልደረቀም።

ወደ ዘበኛው ወደ ዳምጤ ሄዱ። "ዳምጤ፣ ታፔላውን አንሣልኝ። ታፔላው ፀሐይዋን አልለቅም አለ፣ ፀሐይዋ በርበሬውን አላደርቅም አለች፣ በርበሬው ሊሻግት ነው።"

"አላነሣም እትዬ። የተቀጠርኩት እንዳይነሣ ልጠብቅ ነው። ራሴ ካነሣሁት ከማን ጠበቅኩት ይባላል? ፎርማኑ ይዘዘኝ።"

ፎርማኑን ሳህሉን ሠራተኛ የሌለበት ሥራ ሲቆጣጠር አገኙት። "ሳህሉ ልጄ፣ ዘበኛውን እዘዝልኝ። ዘበኛው ታፔላውን አላነሣም አለ፣ ታፔላው ፀሐይዋን አልለቅም አለ፣ ፀሐይዋ በርበሬውን አላደርቅም አለች፣ በርበሬው ሊሻግት ነው።"

"አላዝም እማማ። እኔ የምሄደው በፕላን ነው። ፕላኑ ላይ ታፔላ አለ፣ በርበሬ የለም። የወረዳዋ ባለሙያ ትንገረኝ።"

ወረዳ ሄዱ። ባለሙያዋ ፅጌማርያም ትባላለች። "እሙዬ፣ ለፎርማኑ ንገሪልኝ። ፎርማኑ ዘበኛውን አላዝም አለ፣ ዘበኛው ታፔላውን አላነሣም አለ፣ ታፔላው ፀሐይዋን አልለቅም አለ፣ ፀሐይዋ በርበሬውን አላደርቅም አለች፣ በርበሬው ሊሻግት ነው።"

ባለሙያዋ ካርታውን ዘረጋች። "እማማ፣ የእርስዎ ደጃፍ እኮ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ነው የተያዘው።"

"ሲሚንቶ ነው ልጄ። የለሰንኩት እኔ ነኝ።"

"ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው። በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ ደግሞ ካርታው ላይ ጭራሽ የለም። አልነግርም። ኃላፊው ይፍቀዱልኝ።"

ኃላፊው አቶ ውብሸት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። እትዬ ይርገዱ ጠበቁ። ከስብሰባ ወጥተው ስብሰባ ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ያዟቸው።

"ጌታዬ፣ ለባለሙያዋ ይፍቀዱላት። ባለሙያዋ ለፎርማኑ አልነግርም አለች፣ ፎርማኑ ዘበኛውን አላዝም አለ፣ ዘበኛው ታፔላውን አላነሣም አለ፣ ታፔላው ፀሐይዋን አልለቅም አለ፣ ፀሐይዋ በርበሬውን አላደርቅም አለች፣ በርበሬው ሊሻግት ነው።"

"አልፈቅድም እናቴ። የወሰንኩት እኔ መሰልኩዎት? ሕዝቡ ነው። ታፔላው ይቁም ብለን ስንጠይቅ ነዋሪው በጭብጨባ አጽድቋል። እኔ ከሕዝብ ጭብጨባ በላይ ነኝ?"

እትዬ ይርገዱ ወደ ሰፈር ተመለሱ። ጎረቤታቸው ሽታዬ ሽንኩርት ትልጣለች።

"አንቺ ሽታዬ፣ ምን ነክቶሽ አጨበጨብሽ? በአንቺ ጭብጨባ ኃላፊው ለባለሙያዋ አልፈቅድም አሉ፣ ባለሙያዋ ለፎርማኑ አልነግርም አለች፣ ፎርማኑ ዘበኛውን አላዝም አለ፣ ዘበኛው ታፔላውን አላነሣም አለ፣ ታፔላው ፀሐይዋን አልለቅም አለ፣ ፀሐይዋ በርበሬውን አላደርቅም አለች፣ በርበሬው ሊሻግት ነው።"

"እኔ ምን አውቄ እትዬ? ጋሽ ኪዳኔ ሲያጨበጭቡ አጨበጨብኩ። ትልቅ ሰው ሲያጨበጭብ እጄን አጣምሬ ልቀመጥ?"

ጋሽ ኪዳኔ አጥር ተደግፈው ይሰማሉ። "እኔማ የተናገሩት አንዱም አልገባኝም" አሉ። "ከጎኔ ያለው ሰው ሲያጨበጭብ ስብሰባው ያለቀ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።"

"ከጎንዎ ያለው ማን ነበር?"

"አንቺ ነሻ፣ ይርገዱ።"

እትዬ ይርገዱ ስብሰባውን አስታወሱ። የዚያን ዕለት አንዲት ዝንብ አፍንጫቸው ላይ እየተመላለሰች አስቸግራቸው ነበር። በሁለት እጃቸው ሊመቷት ሞከሩ፤ አንዴ ሳቷት፣ ደገሙ። ዝንቧ አመለጠች፣ ታፔላው ጸደቀ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ውብሸት ነዋሪውን እንደገና ሰበሰቡ። ሁለተኛ ታፔላ ሊያጸድቁ ነው። እትዬ ይርገዱ ፊት ወንበር ላይ ሄደው ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። አቶ ውብሸት ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ "አመሰግናለሁ" ብለው ጠበቁ። ዝም።

እትዬ ይርገዱ አላጨበጨቡም። እሳቸው ስላላጨበጨቡ ጋሽ ኪዳኔ አላጨበጨቡም። ጋሽ ኪዳኔ ስላላጨበጨቡ ሽታዬ አላጨበጨበችም። ሽታዬ ስላላጨበጨበች አዳራሹ አላጨበጨበም። አዳራሹ ካላጨበጨበ ደግሞ ስብሰባው አያልቅም። አቶ ውብሸት ውሃ ጠጡ። እንደገና አመሰገኑ። ላባቸውን ጠረጉ።

"ምንድን ነው የተፈለገው?" አሉ በመጨረሻ።

"ፀሐይ" አሉ እትዬ ይርገዱ።

ኃላፊው ለባለሙያዋ ፈቀዱ፣ ባለሙያዋ ለፎርማኑ ነገረች፣ ፎርማኑ ዘበኛውን አዘዘ፣ ዘበኛው ታፔላውን አነሣ፣ ታፔላው ፀሐይዋን ለቀቀ፣ ፀሐይዋ በርበሬው ላይ አረፈች።

"በሉ እንግዲህ፣ አጨብጭቡ" አሉ አቶ ውብሸት።

"ቆይ፣ በርበሬው ይድረቅ" አሉ እትዬ ይርገዱ።

ስለዚህ ስብሰባው ሳይዘጋ ከረመ። አቶ ውብሸት ጠዋት ጠዋት እየመጡ በርበሬውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። "ዛሬስ ደረቀ?" ይላሉ። "ገና ነው፣ ያንን በኩል ያገላብጡት" ይሏቸዋል። አንድ ቀን ኃላፊው አንዱን አንሥተው ጆሯቸው ሥር ቢነቀንቁት ፍሬው ተንሿሿ። እትዬ ይርገዱም አንድ ጊዜ አጨበጨቡ።

የእኔም ወሬ ደረቀ፤ የምትወቅጡት ውሰዱት።