ሐጂ ነስሩ ያልሸጡት ፍላሽ

ስሟን ባንጠራት የማትቀየም አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ከጁምዓ መስጂዷ ጀርባ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ሐጂ ነስሩ የሚባሉ ሰው ያገለገለ ዕቃ ይሸጡ ነበር፤ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ካሜራ። በጉልምስናቸው ፎቶ ቤት ነበራቸው። የከተማው ሰው ጉርድ ፎቶግራፍ ሁሉ በእጃቸው አልፏል ማለት ይቻላል። ፊልም ከገበያ ሲጠፋ ፎቶ ቤቱን ዘጉና የቀረውን ዕቃ ደርድረው፣ የቁርአን ሙስሐፋቸውን አጠገባቸው አኑረው ተቀመጡ። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የዕቃውን ነውር ይነግሩታል፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ዋጋውን ሳይሰማ ይሄድ ነበር።

ረምላ ወደዚህ ሱቅ የገባችው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከተማውን ዞራ ከደከማት በኋላ ነው። ረምላ በየሠርጉ በሴቶች በኩል ፎቶ የምታነሳ ወጣት ናት። ዲጂታል ካሜራዋን የላከላት ዐረብ አገር ያለው ወንድሟ ሙዘሚል ነበር። የምትፈልገው የካሜራ ፍላሽ ነው። ነገር ግን "ፍላሽ አለ?" ባለች ቁጥር ባለሱቆቹ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን፣ የነሺዳ ዜማና የሙሐደራ ትምህርት የሚገለበጥበትን ጣት የምታህል ነገር ያወጡላታል። "ይሄ አይደለም፣ የሚያበራው" ስትል ደግሞ አንዱ የእጅ ባትሪ አቀረበላት፤ አብርቶም አሳያት፣ ልፋቱ አይካድም።

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። የዚያን ሰሞን ግን ሳቋ ርቋት ነበር። እናቷ ወይዘሮ ዘምዘም ዓይናቸውን ከታመሙ ወዲህ ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ተደርቦ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው የሚውሉት። ሰውነታቸውም ከሳምንት ሳምንት እየደከመ፣ እጃቸውና አንገታቸው እየተንቀጠቀጠ ሄደ። ሙዘሚል ከወጣ ብዙ ዓመቱ ነው፤ ወረቀቱ ስላልተስተካከለ መምጣት አልቻለም። በቪዲዮ ሲደውል የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። ከጨለማው ውስጥ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፣ ዱዓቸውን ይቀበላል፣ ይዘጋል።

አንድ ቀን ታዲያ ስልኩን ሳይዘጋ ቆየ።

"ረምላ፣ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው" አላት። "ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር። አሁን ሻሿ ይመጣል፣ ፊቷ አይመጣም።"

ረምላ የዚያን ዕለት ካሜራዋን ይዛ ገባች። ያለ ብርሃን ስታነሳ በመንቀጥቀጣቸው ምክንያት ፊታቸው ተበትኖ ወጣ። በካሜራው በራሱ ትንሽ መብራት ስታነሳ ደግሞ ወይዘሮ ዘምዘም "ያ ረቢ!" ብለው ጮኹ፤ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው ሲያነባ ዋለ። ከዚያ ወዲህ የካሜራዋን ድምፅ ከሰሙ ፊታቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ። ረምላ ስትጠያይቅ አንድ ነገር ተረዳች። አንገቱ የሚዞር ፍላሽ ቢኖራት ብርሃኑን ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ግድግዳ ልካ፣ ለስልሶ ሲመለስ እናቷን ማንሳት ትችላለች። አዲሱ ርካሽ ፍላሽ አንገቱ ድርቅ ያለ ነው፣ ብርሃኑን ፊት ላይ ይወረውራል። የሚዞረው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ።"

"ወዐለይኩሙሰላም። ግቢ ልጄ።"

"የካሜራ ፍላሽ ነበር። አንገቱ የሚዞር። ደግሞ ርካሽ።"

ሐጂ ነስሩ ፈገግ አሉ። "ሁለቱ አብረው ብዙ አይገኙም። አንድ ግን አለኝ።"

ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ጥቁር አሮጌ ፍላሽ አወረዱ። በእጀ ጠባባቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት፣ የባትሪ ድንጋይ አስገቡበት። ፍላሹ እንደ ትንኝ ሲጮህ ቆየና ቀይ መብራቷ በራች። አንገቱን ወደ ጣሪያ አዙረው ሲጫኑት ሱቁ ሁሉ በአንድ አፍታ ጠራ፤ ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ወረደ እንጂ የማንንም ዓይን አልወጋም። ለረምላ የእናቷ ፊት በዚያ ብርሃን ውስጥ ታያት። ዋጋውን ብትጠይቅ በቦርሳዋ ካለው አያልፍም። "አልሐምዱሊላህ" ብላ እጇን ስትዘረጋ ሐጂ መዳፋቸውን ፍላሹ ላይ ጫኑበት።

"ነውሩን አልነገርኩሽም።"

"ሲሠራ አየሁት እኮ፣ ሐጂ።"

"ለብቻው ነውር የለበትም። ነውሩ ካንቺ ካሜራ ጋር ሲገናኝ ነው። ይህ የፊልም ዘመን ዕቃ ነው። ሲተኮስ በእግሩ በኩል ኃይለኛ ኮረንቲ ወደ ካሜራው ይልካል። የድሮው ካሜራ ብረት ነው፣ ይችለዋል። ያንቺው ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ስስ ነው።"

"ያቃጥለዋል?"

"ሊያቃጥለው ይችላል። መቶ ጊዜ ተኩሰሽ ምንም ላይሆንም ይችላል። የመጀመሪያው ላይ ድርቅ ብሎ ሊቀርም ይችላል። እኔ አላውቅም።"

ረምላ ቦርሳዋን ከፈተች። "ካሜራው የኔ ነው። ነግረውኛል፣ ሰምቻለሁ። ሐላል ብየዎታለሁ፣ ሐጂ። ቢቃጠል በዱንያም በአኺራም አልጠይቅዎትም።"

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ነውሩን ተናግሯል፣ ገዢዋ ወዳ ተቀብላለች፣ ሽያጩን የሚከለክል አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ከሐጂ ሱቅ አንድም ዕቃ አልወጣም። ከኛ መካከል "ቢስሚላህ" ብሎ ዕቃውን በጋዜጣ የማይጠቀልል ስንት ሰው ይገኛል? ሐጂ ነስሩም ጋዜጣውን አንስተው ነበር። አንስተው ግን ያዙት።

"ፎቶው ለማን ነው?" አሏት።

ረምላ ነገረቻቸው። ስለ ጨለማው ክፍል፣ ስለ ሻሹ፣ ሙዘሚል ስልኩን ሳይዘጋ ስላላት ነገር። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

"እሱስ ሐላል ብሏል?" አሉ።

"ማን?"

"ወንድምሽ። ካሜራው ከተቃጠለ ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ትተሽልኛል። የናቱ ፊት ግን የሱ ነው። እሱን ማን ትቶልኛል?"

ረምላ ተናደደች። "እሱ ዐረብ አገር ነው ሐጂ! እናቴ ከእጄ እየወጣች ነው፣ እርስዎ እዚህ የሌለን ሰው ፈቃድ ይጠይቁኛል?" አለችና እንባዋ መጣ። ሰው እያየኝ ነው ሳትል እዚያው ቆማ አለቀሰች። ናፍቆቱ የወንድሟ ብቻ አልነበረም። እሷም የእናቷን ፊት በቀን ብርሃን ካየች ቆይታለች።

ሐጂ አላባበሏትም። የተስቢሃቸውን ዶቃ እያንቀሳቀሱ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቁ።

"ክፍሉ እንዴት ያለ ጨለማ ነው?" አሏት በመጨረሻ።

"ድቅድቅ ያለ። በሩ ከተዘጋ እጅ አይታይም።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ረምላ ቀና ብላ አየቻቸው። ስለ እናቷ ጨለማ አላህን ያመሰገነ ሰው ገጥሟት አያውቅም።

"እነዚህን ሁለቱን ማጋባት አንችልም" አሉ ሐጂ፣ ፍላሹን ብድግ አድርገው። "ጎረቤት ልናደርጋቸው ግን እንችላለን። በጨለማ ውስጥ ካሜራሽን ክፍት አድርገሽ ትተዪዋለሽ፤ ምንም ብርሃን ስለሌለ ምንም አያይም። ፍላሹን ሌላ ሰው በእጁ ይዞ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ይተኩሰዋል። ሳይነካኩ ይሠራሉ።"

ረምላ እንባዋን ጠረገች። "እንግዲያው ያውሱኝ።"

"አላውስሽም። ትገጥሚዋለሽ።"

"ወላሂ አልገጥመውም!"

"አትማዪ። የናፈቀ ሰው እጁ አይታመንም" አሏት፤ ረምላም እውነቱን ስላወቀችው ከእንባዋ መካከል ሳቀች።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የገጠሩ ሰው እህሉን ሸጦ ሬዲዮና ባትሪ የሚገዛው ከዙህር፣ ማለትም ከቀትር ሶላት በኋላ ነበር። ሐጂ ነስሩ ዙህርን ሰግደው ሲወጡ የሱቃቸውን ሳንቃ መልሰው ገጠሙት። ጎረቤታቸው ጨርቅ ነጋዴው "ሐጂ፣ በገበያ ቀን ወዴት?" ቢላቸው፣ "ለገበያ ነው የምወጣው" ብለው አለፉ።

ከረምላ ቤት ደጅ ሲደርሱ ሰላምታ አቀረቡ፣ ፈቃድ ጠየቁ፣ ይግቡ እስኪባሉም ቆመው ጠበቁ። ወይዘሮ ዘምዘም ከውስጥ "ማን ናቸው?" አሉ። "አሮጌ ዕቃ የምነካካ ሽማግሌ ነኝ፣ እህቴ። አልቆይም" አሉ ሐጂ። ረምላ በበሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅላ ነበር። ሐጂ ጀርባቸውን ለአልጋው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ አንሶላው አዙረው ቆሙ፤ የታመመችን ሴት በቤቷ ውስጥ አፍጥጦ ማየት የሳቸው ወግ አይደለም። ረምላ ካሜራውን በርጩማ ላይ አኑራ በሩን ዘጋች።

"ክፍት ነው" አለች በሹክሹክታ።

"ቢስሚላህ" አሉ ሐጂ፤ አንሶላው ነጣ።

ፎቶው ላይ የወጣው ሻሽ ነው። ወይዘሮ ዘምዘም የካሜራውን ድምፅ ሰምተው ቀድመው ተሸፍነዋል። ሁለተኛው ላይም ሻሽ ወጣ። ሐጂ ፍላሹ እስኪሞላ እጃቸውን እንደዘረጉ ይጠብቃሉ፤ ክንዳቸው ሲዝል በሌላው እጃቸው ይደግፉታል። በሦስተኛው ላይ አሮጌው ዕቃ እጃቸውን በኮረንቲ መታቸው። ረምላ "ሱብሓነላህ" የሚል የታፈነ ድምፅ ሰማች፤ ለምን እንዳላዋሷት ያኔ ይበልጥ ገባት። እንደገና እንሞክር ሲሏት ግን "ይቅር ሐጂ" አለች። ተስፋ ቆርጣለች።

"ቆሜያለሁ" አሏት።

በዚህ መሃል ወይዘሮ ዘምዘም ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው፣ "ረምላ፣ እንግዳውን አቁመሽ አዋልሻቸው እኮ! መቀመጫ ስጫቸው እንጂ" አሉ። ካሜራው ዝግ ቢሆንም ሐጂ ይህን ጊዜ ተጫኑት። ብርሃኑ በበሩ በኩል፣ ከአንሶላው ላይ፣ ለስለስ ብሎ መጥቶ ሄደ። አሮጊቷ አልጮኹም። አልተሸፈኑም። ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ።

"በሩን ማን ከፈተው?" አሉ።

ፍላሹ በጨለማው ውስጥ ይጮህ ጀመር።

"ማን ነው የገባው? ሙዘሚል?"

ረምላ "አይደለም"ም "ነው"ም ሳትል ካሜራውን ከፈተች። "ክፍት ነው" አላለችም፤ ሐጂ ግን የካሜራውን ድምፅ ሰምተው ነበር። "ቢስሚላህ" አሉ።

ፎቶው የዚያኑ ዕለት ባሕሩን ተሻገረ። ሙዘሚል ብዙ ቆይቶ ደወለ። "በር ከፍቼ ስገባ የምታየኝ አስተያየት ነው" ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው። ረምላ አላቋረጠችውም። በሩን ከፍታ ወደ መንገዱ ወጣችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ ሰማችው።

ወይዘሮ ዘምዘም ለረመዳን አልደረሱም። ሙዘሚል ጀናዛቸው ላይ ሊቆም አልቻለም። ሐጂ ነስሩ ለተዕዚያ፣ ሐዘን ሊደርሱ፣ ሲመጡ ረምላ ስልኳን ሰጠቻቸው። "አባቴ" አላቸው ሙዘሚል፣ "ጀዛከላሁ ኸይር። አያውቁኝም፣ ዓይተውኝም አያውቁም። ምን ብዬ ላመስግንዎት?"

ሐጂ ነስሩ ስልኩን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው፣ "ዓይቼሃለሁ እንጂ" አሉት። "ያን ቀን እህትህ አጠገብ፣ ሱቄ ውስጥ ቆመህ ነበር።"

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስንሸጥና ስንገዛ፣ ስንፈራረምና ስንማማል፣ በመካከላችን ያለነው ሁለታችን ብቻ ይመስለናል። እኔ ተስማማሁ፣ እሱ ተስማማ፣ አለቀ እንላለን። ሐጂ ነስሩ ግን ሦስተኛውን ሰው አዩ፤ እሱ በሌለበት ስለ ሐቁ የሚነጋገሩበትን ሰው። ፊት ለፊታችን ያለው ሰው ቢከፋው ይናገረናል፣ ይቅርታም ብንለው ይሰማናል። የራቀውን የበደልነው እንደሆነ ግን መበደሉን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ እኛም ይቅርታ የምንለው አድራሻ የለንም። ስለዚህ አማናው የከበደ ነው።

አላህ ሩቅ ያለውን ሰው በሌለበት የምናይበት ልብ ይስጠን። ፊታቸው እየጠፋባቸው በሰው አገር የሚያድሩትንም፣ በር ከፍተው የሚገቡበትን ቀን ያሳያቸው፤ ለዚያ ቀን ያልደረሱትን ደግሞ ማንም ከማንም በማይሸፈንበት አገር ፊት ለፊት ያገናኛቸው። አሚን።