ከእትዬ ድንቡሼ ጠረጴዛ ስር

አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ነበረች፣ ወሊሶ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው። ስሟን አልነግራችሁም። ሰፈሩም በስሟ መጥራት ትቶ ነበር፤ ሁሉም «ዶሮዋ» ነው የሚላት።

ለምን ዶሮዋ? ቆይ ልንገራችሁ።

ይቺ ሴት ኳየር ውስጥ ትዘምር ነበር። አንድ እሁድ ብቻዋን እንድትዘምር ተሰጣት፣ ፕሮግራሙ ደግሞ በስልክ ቀጥታ ይተላለፋል። መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ጋ ስትደርስ ድምጿ ሲጢጥ አለ። በቃ፣ ይቺን ታክል ነገር ናት። ግን የሆነ ሰው ያቺን ቦታ ብቻ ቆርጦ አወጣና የአውራ ዶሮ ጩኸት ቀጥሎበት ለቀቀው። አገር ምድሩ ሳቀ። ዩኒፎርም ሊለኩ የመጡ ልጆች ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ስታደርግ «ኩኩሉ» ይሏታል።

እሷስ ምን አደረገች? አብራቸው ሳቀች።

ግን ከዛ ወዲህ አልዘመረችም። ቸርች ትመጣለች፣ ከሰው ጋር ትቆማለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሶሬቲ የምትባል ልጅ አለቻት፤ አንድ ቀን ሶሬቲ ጆሮዋን እናቷ አፍ ጋ ልትለጥፈው ደርሳ ሰምታለች። ምንም የለም። ማሽኗ ላይ ቁጭ ብላ ማንጎራጎር ራሱ ተወች። ገባችሁ? የምትወደውን አምላክ በምትወደው ነገር ማመስገን አፈረች። ከአንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይወሰዳል?

እሺ። ከዛ ከአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተደወለላት። ስለ ስፌት ሙያሽ ልናወራሽ ነው አሏት። እንዴት ደስ እንዳላት። በቃ ሰው ሌላውን ነገሬን ሊያይልኝ ነው ብላ ለራሷ አዲስ ቀሚስ ሰፋች፣ እጅጌዋ ላይ ተጨንቃ፣ ሁለቴ ፈታ መልሳ ሰፍታ። አዲስ አበባ መጣች። ሜካፕ ክፍል አስቀምጠው ፊቷን ሲቀቧት ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር አየች።

ፖስተሩ ላይ ማን አለ? እትዬ ድንቡሼ።

እትዬ ድንቡሼ አሻንጉሊት ናት። ጉንጯ የተነፋ፣ ፀጉሯ ከሱፍ ክር፣ አይኖቿ የካፖርት ቁልፍ። ጠረጴዛ ኋላ ሆና እንግዳ እየጋበዘች ታወራለች፣ ያውም በቀጥታ ስርጭት፤ የማታበሽቀው ሰው የለም። ዘፋኙን፣ ኳስ ተጫዋቹን፣ ዶክተሩን። ሌላ ሰው ቢለው የሚያጣላ ነገር እሷ ስትለው እንግዳው ራሱ እየሳቀ እንባውን ይጠርጋል።

ሴትየዋ ያኔ ገባት። ስለ ስፌት ማንም አልጠራትም። የተጠራችው ዶሮዋ ናት።

ልትሄድ ተነሳች። ግን ወሊሶ ላይ ሶሬቲ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣለች። አሁን ብትሸሽ ነገ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ ገባች።

ስትገባ አንድ ደንብ ነገሯት። ከአሻንጉሊቷ ጋር እንደ ሰው አውሪ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ግን እንዳትነኪ። ምክንያቱም ከጨርቁ ኋላ ሰው አለ። ሁላችንም እናውቃለን አይደል፣ አሻንጉሊት ብቻዋን አታወራም። ግን ያንን ሰው አስባችሁት ታውቃላችሁ? ረጅም ሰውዬ ነው። እዛች ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጣጥፎ፣ ስፖንጅ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ። የእንግዳውን ፊት የሚያየው በትንሽዬ ስክሪን ነው። አየር እንዲገባለት ደግሞ ጨርቁ በእንግዳው በኩል አጠር ያለ ነው፣ እና በራሱ አይን በቀጥታ የሚያየው ነገር አንድ ብቻ ነው። እግር። ታስቡታላችሁ? ያ ሁሉ ታዋቂ ሰው ከላይ ፈገግ ሲል፣ ይሄ ሰውዬ ታች ያለውን ያያል።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። እትዬ ድንቡሼ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየችና ከማን ተውሰሽ ነው አለቻት። ራሴ ነኝ የሰፋሁት አለች ሴትየዋ። እንደዛ ከሆነ እኔንም ለኪኝ፣ ግን ወገቤን ፈልገሽ ካጣሽው ለሰው እንዳታወሪ አለቻት። ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ግን ሳቁ ሲያልቅ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር መጠበቅ ጀመረ። ከኋላቸው ያለው ትልቁ ስክሪን በራ። ምን ሊመጣ እንደሆነ አወቀች።

ከላይ ፈገግ እንዳለች ናት። ታች ግን ጉልበቶቿ ይጋጫሉ፣ ጫማዋ ወለሉን ጠ ጠ ጠ ጠ ያደርገዋል። ካሜራው አላየውም። ተመልካቹ አላየውም። ሶሬቲ እንኳን አላየችውም።

እና እትዬ ድንቡሼ ዝም አለች።

አሻንጉሊት በቀጥታ ስርጭት ዝም ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያስፈራል እኮ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ከዛ ጉሮሮዋን ጠረገችና መዘመር ጀመረች። ያንኑ መዝሙር። ያው ከፍ የሚለው ቦታ ጋ ስትደርስ ሲጢጥ አለች፣ ሴትየዋ ካለችው አስር እጥፍ። ሰው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ደገመችው። አሁንም ሲጢጥ። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ማን ላይ ነው የሚስቀው? እትዬ ድንቡሼ ላይ። ሴትየዋን የሚያያት ሰው የለም።

ከዛ አሻንጉሊቷ ዞር ብላ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህች ጋ ሁሌ እወድቃለሁ፤ እስቲ ያዢኝ» አለቻት።

ምን ታድርግ? ያዢኝ የተባለ ሰው እምቢ ይላል? ጠጋ አለችና በቀስታ ጀመረችላት። ስንት ጊዜ ተቆልፎ የኖረው ድምፅ ወጣ። እሷ ራሷ ደነገጠች። ያ ቦታ ደረሰ። አልዋሻችሁም፣ አሁንም ሲጢጥ አለ። ግን እትዬ ድንቡሼም እኩል አብራት ሲጢጥ አለች፣ እና ሁለቱም ሳይቆሙ ቀጠሉ። እስከ መጨረሻው። አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ ወንበር የሆነ ሰው አብሮ መዘመር ጀምሮ ነበር።

ሲያልቅ ተጨበጨበ። ሌላ ጊዜ እንግዳው ይሄኔ አሻንጉሊቷን ጨብጦ ይወጣል። እሷ ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? በዛ ተጨንቃ በሰፋችው ቀሚስ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ጨርቁን ገለጠችው። ጭንቅላቷን አስገባች።

ካሜራዎቹ የሚይዙት ጠፋቸው፣ እትዬ ድንቡሼ ላይ ቆሙ። ሴትየዋ ታች ምን አየች? ላብ በላብ የሆነ ሰውዬ፣ የተሰቀለው ክንዱ በድካም የሚንዘፈዘፍ። ጆሮው ላይ የምትሰካዋ ማዳመጫ ወልቃ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላለች፣ ከውስጧ እንደ ትንኝ የቀጠነች ድምፅ ትጮሃለች። ፕሮዲውሰሩ ነው። ቪዲዮውን ጥራው አልኩህ፣ የዶሮዋን ቪዲዮ፣ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ እያለ። ለካ እትዬ ድንቡሼ ስክሪኑ በርቶ ሳለ ዝም ያለችው፣ ሰውዬው ቪዲዮውን «እንይ» ብዬ አልጠራም ስላለ ነው። ከላይ ለሴትየዋ እየተዘመረላት፣ እሱ ታች ስድቡን ሲጠጣላት ነበር።

ለምን እንዲህ አደረግክልኝ አለችው።

መለሰላት፣ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ። ግን ማይኩ ደረቱ ላይ መሆኑን ረስቶታል። እጁ ደግሞ ስንት አመት የለመደውን ነው፤ እሱ ሲናገር እጁም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከላይ፣ አገር ሁሉ እያየ፣ የእትዬ ድንቡሼ አፍ ተከፈተና የደከመው ሰውዬ የራሱ ድምፅ ወጣባት።

«እግርሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው፣ እህቴ። ሳቁ እኔ ላይ ይሁን ብዬ ነው።»

ሶሬቲ ስትናገር፣ ወሊሶ ላይ ያ ሁሉ ጎረቤት ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ ትላለች።

ወይኔ፣ እኔ ይሄን ሳስብ አሁንም ውርር ያደርገኛል።

እና እናንተዬ፣ ስሙኝማ። እግዚአብሔር እኛን እንደ አሻንጉሊት ነው የሚያንቀሳቅሰን እያልኩ አይደለም። በፍጹም። እያልኩ ያለሁት፣ ወርዷል ነው። ያ ትልቁ፣ ሰማይ የማይበቃው ጌታ፣ ተጣጥፎ እኛ ጋ ወርዷል። ለምን ወረደ? ከላይ ሆኖ ማዘዝ አይችልም ነበር? ይችላል። ግን ሰው የማያየውን ነገራችንን ሊያይ ፈለገ። ክላስ ውስጥ ስቀሽ ስቀሽ ሽንት ቤት ገብተሽ የምታለቅሺውን። ቤት ሰላም ነው ብለህ ያልነገርከውን። አይቶም ዝም አላለም። የእኛን ውርደት ራሱ ላይ አደረገው። ተተፋበት፣ ተሳቀበት፣ እኛ እንድንሰወር። በክፍያ አይደለም፣ ጎበዝ ስለሆንን አይደለም። እሱ አየን፣ በቃ። ይሄ አያስደነግጣችሁም? እኔን ያስደነግጠኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር። ያንን ቪዲዮ የላከው ማን ነው? ክፉ ሰው? አይደለም። እንደ እኛ አይነት ልጅ ነው፣ ከሳቀ በኋላ ለጓደኛው የላከ። ስልካችሁ ላይ ዛሬ የማን ቪዲዮ አለ? የዛ ሰው እግር አሁን ምን እየሆነ ነው? ብትችሉ አጥፉት። ካልቻላችሁ ቢያንስ በእናንተ ይቁም።

የመጨረሻው። እዚህ መካከላችን ዝም ያለ ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ማን እንደሆነ አልፈልግም፣ ዞራችሁም አትፈልጉት። አሁን መዝሙር ልንዘምር ነው፣ ያውም ከፍ የሚለውን። የኔን ድምፅ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ኪቦርዱ ይቆይ፣ እኔ ልጀምር። ሳቁብኝ፣ ችግር የለም። ሳቃችሁ ሲያልቅላችሁ ተከተሉኝ። ተነሱ።