የእድሩ ድንኳንና የዩኒቨርሲቲው አንድ ወንበር

ይህን ያወራችልኝ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ የታፈረ ሚስት ትርንጎ ናት። እሷ የዘለለችውን እኔ በአጥሬ በኩል አይቼዋለሁ።

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ የሸንበቆ በር የአስተዳደር ማሠልጠኛ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ነው ተባለ። የቀበሌና የወረዳ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ነው። ገምጋሚዎች መጥተው ካላጸደቁት ግን ይዘጋል፤ ሠልጣኙም ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የእኛ ሰፈር ደግሞ የሚኖረው ለሠልጣኝ ክፍል አከራይቶ ነው። ሁላችንም እንቅልፍ አጣን። ይባስ ብሎ ገምጋሚዎቹ በሚመጡበት ዋዜማ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ የማሠልጠኛውን አዳራሽ ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው።

የእድሩን ዕቃ የሚጠብቀው ድንበሩ ነው። በደንባችን ድንኳኑ ከለቅሶ ቤት በቀር የትም አይሄድም፤ የእድሩ ዳኛ ልጅ ስትዳር እንኳ ተለምኖ ተከልክሏል። ድንበሩ ማንንም ሳይጠይቅ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ድንኳኑን ከነአግዳሚው ለማሠልጠኛው ሰጠ። ሚስቱ ተው ብትለው፣ «ለነገ ማን ይሞታል ብለሽ ነው?» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ገምጋሚዎቹ እንግዶች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ትምህርቱን ሲያዩ፣ ሕመም አልጋ ላይ ያዋላቸው ጎረቤቴ ጋሽ እንግዳ አረፉ። ታፈረ ጡሩንባውን ይዞ ደጃፋቸው ደረሰ። ጡሩንባ ከተነፋ ድንኳኑ ወዲያው ይነቀላል። ሚስታቸው እትዬ ብርቅነሽ ወጥተው እጁን ያዙት።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ አትንፋ።»

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ኋላ ይበለው። ማሠልጠኛው ከተዘጋ እኔና ልጄ ምን እንበላለን?»

ገብተው በሩን ዘጉ። ነጠላቸውን ነክሰው፣ አስከሬኑ አጠገብ ድምፅ ሳያሰሙ ተቀመጡ። እኔማ መስኮታቸው ተዘግቶ ሳየው ነው የጠረጠርኩት።

ትርንጎ ግን መች ዝም ትላለች። ድንኳኑ ድረስ ሄዳ ለምታስተምረው ለመምህርት ፋናዬ ሹክ አለቻት። የማሠልጠኛው ኃላፊ ነገሩ ገብቶት ቀጥዪ እያለ በዓይኑ ይለምናታል። እሷ ወደ ገምጋሚዎቹ ዞረች።

«ይህ ድንኳን የእኛ አይደለም፤ የእድር ነው። አሁን ሰው ሞቷል። ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ኃላፊው ራሱን ያዘ። እሷ ሠልጣኞቹን ከፋፍላ ገሚሱን ካስማ ነቃይ፣ ገሚሱን አግዳሚ ተሸካሚ፣ የቀሩትን መቃብር ቆፋሪ አደረገቻቸው። ፀሐዩ ሳይበረታ ድንኳኑ እትዬ ብርቅነሽ ደጅ ተተከለ። እሳቸውም ያን ጊዜ ጮኸው አለቀሱ። ገምጋሚዎቹ ከለቀስተኛው መሀል ተቀምጠው ውለው፣ ማታ ወደ መጡበት ተመለሱ። እኛም ምን አስበው ይሆን እያልን ስንባንን ከረምን።

ኋላ ጸደቀ ተባለ። በምኑ እንዳጸደቁት የነገረን የለም።

ዩኒቨርሲቲውም ለሰፈራችን አንድ ወንበር ሰጠ፤ በነፃ ተምሮ እዚያው የሚቀጠር አንድ ሰው እድሩ ይምረጥ ተባለ። ነገር የመጣው በዚህ ነው፤ ሦስት ሰው ለእኔ ይገባል አለ። ድንበሩ፣ ድንኳኑን ባልሰጥ እንግዶቹ ባዶ ግድግዳ አይተው ይመለሱ ነበር ይላል። የእትዬ ብርቅነሽ ልጅ፣ እናቴ እንባዋን ባትውጥ ትምህርቱን በቅጡ ሳያዩ ድንኳኑ ይነቀልባቸው ነበር ትላለች። መምህርት ፋናዬ፣ የሰው ሐዘን ደብቀን ቢሆን ኋላ መታወቁ አይቀርም፤ ያጸደቁት እውነቱን ስላወቁ ነው ትላለች። ዳኛው የሁሉንም ሲሰማ ሁሉም ልክ ይመስለዋል፤ ይኸው ጉባኤው በጭቅጭቅ ይበተናል።

ድንበሩ ደንብ ጥሷል ተብሎ ከእድር ተሰርዟል፤ እናቱ በጠና ታመዋል፣ አንድ ነገር ቢሆኑ የሚቀብርለት የለም። እትዬ ብርቅነሽን ለባሏ ሳታለቅስ ዋለች እያሉ ያሟቸዋል፤ ልጃቸው ሥራ አላገኘችም። መምህርት ፋናዬ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ዲግሪ የለሽም ተብላ ተሰናብታለች። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ እስከዚያ ካልተስማማን ወንበሩ ለሌላ ሰፈር ያልፋል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ወንበሩ ለማን ይገባል?