ባላምባራስ ጓንጉል ጠጅ ጣይ ሲቀጥሩ

ይህን ወግ እኔ ከአክስቴ፣ አክስቴ ደግሞ ከጎረቤቷ ሰማን፤ ጨው የጨመረበት ካለ እኔ አይደለሁም።

በድሮው ደሴ ደብሪቱ የምትባል ጠጅ ጣይ ነበረች። እጇ ማር፣ ምላሷ ሚጥሚጣ። በዚያው ከተማ ባላምባራስ ጓንጉል የሚባሉ ቆንቋና ሰው ገበያው ዳር አዲስ ጠጅ ቤት ሊከፍቱ ተነሡና አስጠሯት። በወር ሁለት ብር፣ በዓመት አንድ ቀሚስ ጠየቀች። ባላምባራስ ክው አሉ።

«ማርና ውሃ ለመበጥበጥ ይህን ሁሉ?»

«መበጥበጡን እመርቅልዎታለሁ። የማስከፍለው መቼ እንደሚደርስ ለማወቁ ነው።»

ባላምባራስ ሁለት ብር ከሚወጣ ነፍስ ይውጣ አሉና የሚስታቸውን የአክስት ልጅ ለምግቧ ብቻ አስገቡ። ምስኪን፣ የምታውቀው ጠላ ነበር። ጋኑን በወይራ ሳታጥን ማሩን በጠበጠች፤ ጌሾውንም ሳታወጣ አሰነበተችው። የመክፈቻው ዕለት እንግዶች አንዳንድ ብርሌ ቀመሱና «ለሌላ ቀን ያድርሰን» እያሉ በየተራ ውልቅ አሉ። እኔስ ለማሩ አዘንኩ! ባላምባራስ ቢቸግራቸው ደብሪቱን አስጠርተው አስቀመሷት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ጎደለው?»

ደብሪቱ አንዴ ፉት ብላ ብርሌውን መልሳ አስቀመጠች።

«ማሩም አለ፣ ውሃውም አለ፣ ጌሾውም አለ። የጎደልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ጊዜ ባላምባራስ ደማቸው ፈላ። ሦስት ጋን ጠጅ ገደል መግባቱ ሳያንስ ደግሞ ልትዘባበትብኝ ብለው፣ «ቂም ይዛ፣ በስውር ገብታ ጠጄን አበላሸችብኝ» ሲሉ ከሰሷት። ደብሪቱ መጥሪያው ሲደርሳት እውነትም ፈራች። ካሣውስ ካሣ ነው፤ ጠጅ አበላሸች ተብሎ የተፈረደባትን ሴት ግን ከዚያ ወዲያ ጋን የሚያስነካት ቤት አይገኝም።

ችሎቱ ዋርካ ሥር ተሰየመ። የመክፈቻው ዕለት ሸሽተው የወጡት እንግዶች ሁሉ ሊያዩ መጥተዋል። ባላምባራስ ኩታቸውን አጣፍተው ሦስቱን ጋን አንድ በአንድ እየጠሩ አቤት አሉ። ዳኛው ወደ ደብሪቱ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ጠጁን አበላሽተሻል?»

ደብሪቱ እጅ ነሥታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጌታዬ፣ እኔና ባላምባራስ የተጣላነው በነፃ አልሠራም ብዬ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ጋን ማን ከፍሎኝ አበላሸዋለሁ?»