ቆማ ዘይት የበላችው መኪና

ደሴ፣ በእኛ ሰፈር፣ አንድ ሰው ጎረቤቱን ከሶ፣ ማስረጃ ደርድሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊፈርድ ሲል ከመሃል አንዱ አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። ከሳሹም ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀመጣል። እንግዳ ሰው ቢሰማት የመሬት ቀያሽ ምክር ትመስለዋለች። ግን ቀያሽ አያውቃትም። የተወለደችው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች በሚያርፉበት ሜዳ ላይ፣ በአንዲት ነጭ የቤት መኪና ሰበብ ነው። ስትወለድ አጠገቧ ነበርኩ። የሄድኩት በሽማግሌነት ነው፤ ለሽማግሌነት የተመረጥኩት ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ በአያ ይማምና በእትዬ የሺመቤት መሃል ሊገባ የሚችል ቀጭን ሰው በመጥፋቱ ነው።

መኪናዋን ጋሽ አስናቀው የገዟት ከጋሽ ሰብስቤ ነበር። ጋሽ ሰብስቤ ልጆቻቸውን ያሳደጉባት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጃቸው የሚያጥቧት መኪና ናት። ቁልፏን ሲያስረክቡ «ልጄን እንደ መዳር ነው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ይቺ ንግግር ወዲያው ሰመረች። የጋሽ ሰብስቤ ልጅ ሙሉቀን «መኪናዋ እንዴት ናት?» እያለ የገዢውን ቤት ይጠይቅ ጀመር። ኮፈኗን ግን አንድም ቀን ከፍቶ ሲያይ አልታየም። የሚያየው የጋሽ አስናቀውን ልጅ ፍቅርተን ነበር። ሽማግሌ ተላከ፣ ቃል ተሰጠ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ።

ይኼኔ መኪናዋ ዘይት መብላት ጀመረች።

ጋሽ አስናቀው ጥንቁቅ ሰው ናቸው። በር ቆልፈው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው የሚገፉ ዓይነት ናቸው። በየማለዳው ሞተሩ ሳይሞቅ ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛሉ፤ በነጭ ጨርቅ ይወለውሉታል፤ መልሰው ከትተው ደግሞ ይመዛሉ፤ ከዚያ ፊታቸው ላይ አንስተው እንደ ራጅ ያዩታል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነው። እስከ ላይኛው ይሞላሉ። ሰንብተው ሲያዩት ወርዷል። አሁንም ይሞላሉ። በሞሉ ቁጥር ከኋላዋ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ይወፍራል፤ ጭሱ በወፈረ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ይሞላሉ። ሚስታቸው እትዬ የሺመቤት የሚያሰጡት አንሶላ ጋራዥ ጋራዥ መሽተት ጀመረ።

አንድ መካኒክ መጥቶ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታ፣ በዘይት ርሰው አገኛቸውና የፒስተኑ ፋሻ አልቋል አለ። ሌላው መጥቶ እነዚያኑ ካንዴላዎች አየና ፋሻው ደህና ነው፣ የተበላው ዘይት የሚያግደው ላስቲክ፣ የቫልቩ ጎሚኒ ነው አለ። ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሞተሩ ይውረድ።

ጋሽ አስናቀው ግን ችግሩን ከሞተሩ አልፈው ሻጩ ልብ ውስጥ አገኙት። ሰብስቤ እያወቀ ነው የሸጠልኝ፣ ለሽያጩ ቀን ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሷን ደብቆ ነው አሉ። በመኪና ያታለለ ሰው ቤት ልጄን አልሰጥም ብለውም ሠርጉን አገዱት። ድንኳኑ ተይዟል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ፍቅርተ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ የማገባው ሙሉቀንን ነው፤ መኪናዋን አይደለም።»

«ሁለቱም ከአንድ ግቢ ነው የወጡት» አሏት።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባቷ ጋር መነጋገር ተወች። እራት ስታቀርብ እንኳ «ብሉ» የምትለው ወደ ግድግዳው ዞራ ነው። እትዬ የሺመቤት ይኼን ማየት ሲያቅታቸው ልብስ ሰፊው አያ ይማም ዘንድ ሄዱ። አያ ይማም የሚናገሩት ትንሽ ነው፤ ሲናገሩም እንደሚሰፉት ልብስ ለክተው ነው።

አያ ይማም ሁለቱን አባቶች ጋሽ አስናቀው ደጅ አቁመው ስምምነት አሰሯቸው። ዘይቱ ሁላችንም እያየን እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላል። ኮፈኑ በአያ ይማም ክር ይታሰራል፣ ቋጠሮውን ከእሳቸው ሌላ የሚፈታው የለም። በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ድረስ ይወረዳል፣ እዚያ ይለካል። ዘይቱ ከጎደለ ጋሽ ሰብስቤ ገንዘቡን መልሰው መኪናቸውን ይወስዳሉ፣ ዝምድናውም ይቀራል። ካልጎደለ ሠርጉ በቀኑ ይሆናል፣ መኪናዋም ዳግም በክፉ አትነሳም።

አያ ይማም ተናግረው ሳይጨርሱ ጋሽ ሰብስቤ እሺ አሉ። የልጃቸው ትዳር በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ መንጠልጠሉን ያስተዋሉት ቆይተው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጋሽ አስናቀው ዘይቱን እየቀዱ ሲሞሉ፣ ሲሞሉ፣ አሁንም ሲሞሉ የጋሽ ሰብስቤ ፊት አመድ መሰለ።

ጉዞው ተጀመረ። ፊት ሁለቱ አባቶች፣ ኋላ እኛ። እትዬ የሺመቤት የመጡት የልጄን ሠርግ ለሁለት ወንድ አላምንም ብለው ነው። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር ከኋላችን ያለው መንገድ በጭስ ጠፋ። ሚኒባሶች መስኮታቸውን እየዘጉ፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፉናል። ጋሽ አስናቀው በየመታጠፊያው መስታወቱን እያዩ ይደሰታሉ።

«እየው ሰብስቤ። ይኼ ምንድን ነው?»

«በእኔ ጊዜ እንዲህ አታጨስም ነበር።»

«በአንተ ጊዜማ አፏን ይዘሃት ነበር።»

እትዬ የሺመቤት መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስለት ተሳሉ፤ ሁለተኛው ላይ ጨመሩበት።

ኮምቦልቻ ገብተን የጭነት መኪኖች ማረፊያው ሜዳ ላይ ቆምን። አያ ይማም ቁልፉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና ዘይቱ እስኪረጋ ሻይ እንድንጠጣ አዘዙ። ሻዩን የጠጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት፤ ቋጠሮው እንደታሰረ ነበር። ጋሽ አስናቀው ዘንጉን መዘዙ፣ ወለወሉ፣ ከተቱ፣ መዘዙ። እንደገና ወለወሉ። ከትተውም መዘዙ።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቷል።

«አልበላችም» አሉ አያ ይማም።

ሻይ የሚጠጣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቀረብ ብሎ አየና፣ «እንኳን ልትበላ፣ ወልዳለች» አለ። በዚህ ቃል ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን እያስቀመጠ መጣ። ጋሽ ሰብስቤ ሳቁ፤ ጋሽ አስናቀው ግን ተንኮል አለበት፣ መንገድ ላይ ዘይት ተጨምሮበታል ብለው ጮኹ። ማን፣ የት፣ በየት በኩል ሲባሉ ተንበርክከው የመኪናዋን ሆድ አዩ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከሳሽ፣ ግማሹ ተከላካይ ሆነ፤ ሠርጉ የማን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ የለም። አያ ይማም የሶላት ሰዓት ደርሷል፣ ፍርዱን ስመለስ እሰጣለሁ ብለው ቁልፉን እንደያዙ ወደ መስጊድ ሄዱ።

እሳቸው እንደሄዱ ጤፍ የጫነ መኪና መጥቶ መንገድ ዘጋችሁብኝ አለ። ቁልፍ የለም። ሰው ግን ሞልቷል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ትከሻውን ሰጠና መኪናዋን እየገፋ ፊት ለፊት ያለው የአፈር ቁልል ላይ በአፍንጫዋ ሰቀላት። የኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደረገ። ጋሽ ሰብስቤ አያ ይማም እስኪመጡ ማንም እንዳይነካት ለመኑ። ጋሽ አስናቀው ግን ዘንግ እያለ እጃቸውን መሰብሰብ የሚችሉ ሰው አይደሉም። ኮፈኑን ከፈቱ፣ መዘዙ፣ ወለወሉ፣ ከተቱ፣ መዘዙ።

«በላች!» አሉ። «ይኸው፣ ከታችኛው በታች። በላች!»

እውነት ነበር። ዘንጉ ጫፉ ላይ ብቻ ነው የረጠበው። ጋሽ ሰብስቤ ሜዳው ላይ የተጣለ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። የልጃቸው ሠርግ ዓይናቸው እያየ ሲበላ ያዩት መሰለኝ።

ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ግን ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች «ሞተሩ ሳይነሳ ነው የበላችው?» ብላ ጠየቀች።

አንዱ ጠበል ትወሰድ አለ። ሌላው ቆማ የምትበላ ከሆነማ ስትሄድ ሰው ትበላለች ብሎ ራቅ አለ። የጤፉ ሹፌር መንገዱ ተከፍቶለት ሳለ አልሄደም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ክርክሩ ውስጥ ገባ።

አያ ይማም ሲመለሱ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነገርናቸው። እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙን፤ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ የቀሰረችውን መኪና ከጎኗ ቆመው ብዙ አዩዋት፤ የኮት ትከሻ ሲያስተካክሉ እንደሚያዩት።

«እስቲ ወደ ሜዳው መልሷት» አሉ።

ድንጋዩ ወጣ፣ መኪናዋ ተንከባላ ሜዳው ላይ ቆመች። ጋሽ አስናቀው ለኩ። ሁለት ጣት ትርፍ።

«ደግሞ ወደ አፈሩ።»

ተገፋች። ለኩ። ባዶ።

«ወደ ሜዳው።»

በዚህ ጊዜ ሕዝቡ ነገሩ ገብቶታል። ዘንጉ ገና ሳይመዘዝ «ጠግባለች!» ብሎ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ጠግባም ተገኘች። እንደገና ወደ አፈሩ ወጣች፣ ድንጋዩም ጎማዋ ሥር ተመለሰ፤ «ርቧታል!» ተባለ፤ ርቧትም ተገኘ። ጭነት ያራግፉ የነበሩ ሰዎች ጆንያቸውን ጥለው ለመግፋት ተሰለፉ። በሕይወቴ ዘይት እንዲህ ሲጨፈርለት አላየሁም።

ነገሩን መጀመሪያ በአፋቸው ያወጡት እትዬ የሺመቤት ናቸው። ጥግ ላይ ቆመው መኪናዋንና ባላቸውን እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩና፣

«አስናቀው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ደጃችን ላይ ስትለካት ፊቷ ወደ ጦሳ ተራራ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ አስናቀው ዘንጉን እንደያዙ ቀሩ። የደሴ ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ዳገት ላይ ተወልዶ፣ ዳገት ላይ ቤት ሠርቶ፣ ዳገት ላይ መኪና አቁሞ ስለሚኖር ዳገቱን ሜዳ ነው ብሎ ያምናል። የእሳቸው ደጅ ከዚያ አፈር ቁልል ቢብስ እንጂ አይሻልም። አፍንጫዋ ቀና ሲል ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፊት ያለው ዘንግ አያገኘውም። እሳቸው ደግሞ በየጊዜው የሌለ ረሃብ ሲያስታግሡ ከርመዋል።

«ትርፉን የምታደርግበት ስታጣ ታቃጥለዋለች» አለ የከባድ መኪናው ሹፌር። «ያ ጭስ ረሃብ አይደለም፤ ጠግባ ስታገሳ ነው።»

ጋሽ አስናቀው ዙሪያቸውን ሲፈልጉ ቆዩና ድንጋይ አገኙ። አንስተው አንገታቸው ላይ ጫኑት፤ ጋሽ ሰብስቤ ፊት ሄደው ሊንበረከኩ ጎንበስ አሉ። ድንጋዩ ግን ከመኪናዋ ጎማ ሥር የመዘዙት ነበር። መኪናዋ ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረች። ሰው ተበተነ፣ ሻይ ተደፋ፣ ጋሽ ሰብስቤ የይቅርታ ጠያቂውን ኮሌታ ይዘው ጎትተው ከመንገዷ አወጧቸው። መኪናዋ የጤፉ መኪና ጋር ሳትደርስ ሜዳው ላይ በገዛ ፈቃዷ ቆመች።

«ሰው ልትገድል ነው ይቅርታ የምትጠይቀው?» አሉ ጋሽ ሰብስቤ፣ ኮሌታውን ሳይለቁ። ከዚያ ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ አውርደው ሳሟቸው።

የከባድ መኪናው ሹፌር ከሥር ገብቶ ትርፉን ዘይት ቀዳ፤ ሜዳ ላይ እየተለካ እስከ ምልክቱ ተስተካከለ። አያ ይማም ቁልፉን ለጋሽ ሰብስቤ ሰጡ። መኪናዋ ሜዳውን ስትዞር መጀመሪያ ያንኑ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች፤ እትዬ የሺመቤት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግማ ስትዞር ጭሱ ሳሳ። መዞሯን አላቆመችም፤ ሕዝቡም ከኋላ ከኋላዋ እየሮጠ የጭስ መውጫዋን ማርሚታ ያያል። በመጨረሻ ከኋላዋ የሚታየው የሚሮጠው ሕዝብ ያስነሳው አቧራ ብቻ ሆነ። እትዬ የሺመቤት እልል አሉ፤ ስልካቸውን አውጥተው ለፍቅርተ የነገሯት አንድ ቃል ነው፤ ድንኳኑ ይተከል።

ጋሽ አስናቀው ግን አልረኩም። አቧራቸውን እያራገፉ መጥተው፣ መካኒኮቹም ተሳስተዋል፣ ዘንጉንም የሠራው ሰው ሜዳ ላይ ለኩ ብሎ ሊጽፍበት ይገባ ነበር፣ ማዘጋጃ ቤቱም መንገዱን ደልድሎ ቢሆን ኖሮ እያሉ አዲስ ተከሳሽ መፈለግ ጀመሩ። አያ ይማም የተበጠሰውን ክር ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ ጥቂት ሰሟቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ተወው አስናቀው፤ ዳገት ቆሞ የለካ፣ ሜዳ ወርዶ ያፍራል» አሉ።