ራስሽ ጽፈሽ አምጪ

ዶክተር ዘርጋው የበደሉት የገዛ ተማሪያቸውን ነው። አማካሪዋ ይባሉ እንጂ ጥናቷን አንድም ቀን ገልጠው አይተው አያውቁም። ለውጭ አገር የምርምር ዕድል ልታመለክት ፈልጋ የድጋፍ ደብዳቤ ብትለምናቸው፣ «ጊዜ የለኝም፤ ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» አሏት። ትልቅ ሰው መቼ ጊዜ አለው!

ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ጽፋ አመጣች። እሳቸው ግን በመምህራኑ ሁሉ ፊት ጮክ ብለው ያነቡት ጀመር። «‹ትጉህ ናት፤ አስተዋይ ናት!› አይ የዛሬ ልጅ! ሰው ራሱን እንዲህ ሲክብ ትንሽ እንኳ አያፍርም? እኔ በውሸት ላይ አልፈርምም!»

መምህራኑ ሳቁ። ልጅቷም እስክሪብቶ አቀበለቻቸውና እንዲህ አለች፦ «ልክ ነዎት ዶክተር፤ ‹ጥናቷን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በቅርብ አማክሬያታለሁ› የሚለውን ይሰርዙና የቀረው ላይ ይፈርሙልኝ።»